መካከል ላይ የወደቀችው «ነ»

ጣና ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሰው ነፋስ ለመቀበል ወዲያ ወዲህ ይላል። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ የአባቱን እጅ ይዞ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ንባብ የጀመረ ሰሞን ነው መሰለኝ፣ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ይለቅማል፤ የሱቅ ታፔላ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የለስላሳ ሣጥን። ከፊታቸው የሚሄድ ወጣት የለበሰው የቆየ ማሊያ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ባሕር… ዳር… ከ…ነ…ማ።» ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ፤ «አባባ፣ ከነማን ጋር?»

አባትየው ሳቀ። «ከነማን ጋር አይደለም፤ ከነማ ነው የሚለው።»

«እኮ! ከነማን?»

«በቃ ከነማ ነዋ። የኳስ ቡድኑ ስም ነው።»

ልጁ አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም። ስለ አንድ ክለብ አመጣጥ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምንጠይቀው «መቼ ተመሠረተ?» ብለን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ከሰማን በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ልጁ ሳያውቀው የጠየቀው ግን የተሻለውን ጥያቄ ነው፤ ይህ ቡድን ከነማን ጋር ነው የተነሣው? ማን ወለደው፣ ማን አጠባው፣ ዛሬስ በማን እጅ ነው? ያን ምሽት ወደ ቤት ስሄድም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናትም፣ ይኸው ጥያቄ ከራሴ አልወጣም።

ሦስት ፊደል

ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። ከ ለከተማ፣ ነ ለነዋሪዎች፣ ማ ለማኅበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ከነማ ፋርማሲ» ገብቶ መድኃኒት የገዛ ሰው ይህንኑ ስም አይቶታል፤ ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ምኅጻረ ቃል መሆኑ ተረስቶ እንደ ማንኛውም ስም መጠራት ጀመረ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባል የለ? ይህንን ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ነጋሪት ጋዜጣ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ስለዚያ አዋጅ ሲወራ ሰው የሚያስታውሰው ቤቱን ነው። በዚያው አዋጅ ውስጥ ግን የከተማው ነዋሪ በማኅበር እንዲደራጅ የሚያዝ ክፍል አለ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን የማስተዳደሩም ሥራ ለእነዚህ ማኅበራት ተሰጠ፤ ገቢው ለአካባቢው ልማት እንዲውል ታስቦ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 ሲከተል መሰላሉ ቅርጽ ያዘ፤ ከታች ቀበሌ፣ በትልልቅ ከተሞች ከቀበሌው በላይ «ከፍተኛ» የሚባለው እርከን፣ ከሁሉ በላይ የከተማው ማዕከላዊ ማኅበር።

ይህ መሰላል ለኳስ ተብሎ አልተሠራም፤ ግን ለኳስ የሚያህል ምቹ መሰላል አላየሁም። ቀበሌ ከቀበሌ ይገጥማል፣ ከቀበሌዎቹ ምርጡ ተለቅሞ የከተማውን ማሊያ ይለብሳል፣ የከተማው ቡድን ሌላ ከተማ ሄዶ ይጫወታል። ሀዋሳ ከነማ፣ አዳማ ከነማ፣ ድሬዳዋ ከነማ፣ ጎንደር ላይ ፋሲል ከነማ፣ እኛ ዘንድ ባሕር ዳር ከነማ፤ የአንድ አዋጅ ልጆች በመሆናቸው ነው ስማቸው የተመሳሰለው። ስለዚህ አንድ ሰው የቡድኑን የምሥረታ ሰነድ ባያገኝ እንኳ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ልጆቹ ከዚያ በፊትም በሌላ ስም ሲራገጡ ኖረው ይሆናል። «ከነማ» ተብለው ሊጠሩ የሚችሉት ግን ከ1967 ወዲህ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ክለቦቻችን ሌላ እናት አላቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ከአራዳ ልጆች ተነሣ። የቡና ክለብ በ1968 የተነሣው ከቡናው ሥራ ነው። የድሬዳዋው ጥጥ፣ የወንጂው ስኳር፣ የሙገሩ ሲሚንቶ የፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ መቻል የሠራዊቱ፣ መድንና ንግድ ባንክ የመሥሪያ ቤት። የፋብሪካ ቡድን ለተጫዋቹ እጅግ ይመች ነበር። ልጁ ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል፣ ደመወዙ በፋብሪካው መዝገብ ይወጣል፣ ጠዋት ሥራ ከሰዓት ልምምድ ነው። ጉልበቱ ሲደክም እንኳ ሥራው አይለቀውም። ችግሩ ፋብሪካው ሲያስነጥስ ቡድኑ ጉንፋን መያዙ ነው፤ ፋብሪካው ሲወድቅ ቡድኑ አብሮ ይቀበራል። በ1950ዎቹ ዋንጫ ወደ ድሬዳዋ የወሰደው ጥጥ ዛሬ የት አለ?

ባሕር ዳርም ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። በፋብሪካ ስም የሚጠራ ቡድን ብቻ ይዛ ልትቀር ትችል ነበር። ዛሬ በፕሪሚየር ሊግ ስሟን የሚያስጠራው ግን ነዋሪውን በስሙ መካከል ይዞ የተነሣው ነው። ከነማ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ቋሚ ሥራ አልነበረውም። የነበረው ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ አይከስርም። ሀዋሳ ከነማ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ያለ ፋብሪካና ያለ ባንክ የተወለደ ቡድን የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ታየ።

ሰርዶ፣ ጀሶና ግራ ተመላላሽ

የከተማ ቡድን የመጀመሪያ ዓመታት ሲወሩ የሚወራው ጎል ነው፤ በተግባር ግን የመጀመሪያው ተጋጣሚ ውሃ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ፣ ሜዳማ መሬት ላይ የተቀመጠች ናት። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ርኅራኄ ያወርደዋል። ሜዳማ መሬት ለኳስ ጥሩ ይመስላል፤ ውሃ የሚሄድበት ሲያጣ ግን ሜዳው ረግረግ ይሆናል፣ በተለይ አፈሩ ዋልካ ከሆነ። ዋልካ ሲረጥብ ታኬታ ይይዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ርካሽም ነው፤ ሰው ስለሚቸኩል ብቻ ነው የማይሠራው። የሜዳው መካከል ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት። ወርዱ 68 ሜትር ከሆነ ከመካከሉ እስከ ዳር 34 ሜትር ነው፤ በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ መካከሉ ከዳሩ በ34 ሳንቲሜትር ይበልጣል። ለዓይን አይታይም፤ ውሃ ግን ያውቀዋል። ከመስመሩ ውጭ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል። ቦዩ ባዶውን ከተተወ ኳስ ሊያወጣ የሮጠ ልጅ እግሩን ይሰብርበታል።

ሣሩ ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከዘር ይልቅ በቁራጭ ይሻላል፤ ሥር ያለው አንጓ እየተቆረጠ ክረምቱ እንደ ገባ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር እየተራራቀ ይተከላል፣ በእግር ተረግጦ ከአፈሩ ጋር ይያያዛል። ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ድረስ ማንም አይጫወትበትም። ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ክረምት ትምህርት የሚዘጋበት፣ የሰፈር ውድድር የሚደምቅበት ጊዜ በመሆኑ ልጆቹን ከሜዳው ማገድ ያስጠላል። ይፈቀድላቸዋል። በመስከረም ግብ ጠባቂው የሚቆምበትና የመሐል ሜዳው ክብ ራሰ በራ ሆኖ ይገኛል፤ ዓመቱን ሙሉም አያገግምም። መስመሩን ደግሞ በኖራ ማስመር ልማድ ነበር፤ ያልበረደ ኖራ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አደጋ ነው። ጀሶ ይሻላል።

ከሜዳው ቀጥሎ ምርጫው ነው። ከየቀበሌው ምርጥ ልጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሃያ አጥቂ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰፈር የሚኮራበት ልጅ ጎል የሚያገባው ነዋ! ማንም ሰፈር ግራ ተመላላሹን አይልክም። ስለዚህ የመጀመሪያው አሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራ ማስተማር ሳይሆን ማሳመን ነው። ግራ እግሩ የሚሠራ ክንፍ ተጫዋች ይፈለግና «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ኋላ ነህ» ይባላል። ልጁ ያኮርፋል፤ ሰፈሩም አብሮት ያኮርፋል። በዚያ ላይ ኮታ አለ። ከእያንዳንዱ ቀበሌ ይህን ያህል ልጅ ካልተያዘ ቀበሌው አያዋጣም፣ አይደግፍም። ኮታውን የተቀበለ አሠልጣኝ ደካማ ቡድን ይዞ ይወጣል፤ ኮታውን እምቢ ያለም ጠንካራ ቡድን ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ ይጫወታል። እኔ በዚህ ጉዳይ የሁለቱንም ወገን ክርክር እረዳለሁ፤ የነዋሪዎች ማኅበር ቡድን ከሆነ ነዋሪው ድርሻዬ የት አለ ቢል ምን ይፈረድበታል?

የቀረው ዝርዝር ነው፤ ቡድን የሚፈርሰውም በዝርዝር ነው። ሃያ ተጫዋች፣ ከእነሱ ቢያንስ ሁለቱ ግብ ጠባቂ። ለሦስት ወይም ለአራት ልጅ አንድ ኳስ፤ ከዚያ ካነሰ ልምምድ ሰልፍ ይሆናል። የኳሱ ክብደት በደንቡ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ስፌቱ የላላ የቆዳ ኳስ ግን ውሃ ጠጥቶ ከዚያ ሲያልፍ በራስ የሚመታው ልጅ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ዓይኑን የጨፈነ ተከላካይ ደግሞ ለዘለዓለም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘልለው። የቡድን መሪው ቦርሳ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚገባው ቴሴራ፣ የተጫዋቾቹ መታወቂያ፣ ነው። ማሊያ ቢረሳ ከሰው መዋስ ይቻላል፤ ቴሴራ የረሳ ቡድን ግን ዐባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ሜዳ ሳይገባ በፎርፌ ተሸንፎ ይመለሳል።

ሐምሌ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቡድኑ ዕድል የተቀየረበት ቅጽበት የቱ ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው 2010 ዓ.ም.ን ይጠራል። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ከተማ በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው፣ በቅጽል ስሙ «ማንጎ»፣ እየተመራ ከሁለተኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አለፈ። ከደቡብ ፖሊስና ከሽረ እንዳሥላሴ ጋር አብሮ ነው የወጣው። ጎንደሬዎቹ «ዐፄዎች»፣ ማለትም ፋሲል ከነማ፣ ሁለት ዓመት ቀድመው ስለወጡ፣ «የጣና ሞገዶች» የሚባለው የእኛ ቡድን መውጣት የሐይቁን ሰሜንና ደቡብ በአንድ ሊግ አገናኘ። ደስታው የደስታ ነበር።

እኔ ግን ቆም ብዬ ሳስበው ለውጡ የመጣው በማለፉ ቀን አይመስለኝም፤ ከዚያ በኋላ ባለው ክረምት ነው። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያለፈ ማንኛውም የከተማ ቡድን ሐምሌ ላይ ምን ይገጥመዋል? ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የክለቡ ገንዘብ ከከተማው አስተዳደር የሚመጣ ከሆነ ምክር ቤቱ በጀት እስኪያጸድቅ ክለቡ ኪሱ ባዶ ነው። የተጫዋች ዝውውር የሚደራውም በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጥሩ ተጫዋች የሚፈርመው ቀድሞ ብር ላሳየው ነው። ሜዳው ደግሞ በዝናብ የተዘጋበት ወር ነው፤ የመጣውን ተጫዋች ሞክሮ ለማየት እንኳ አይመችም።

ሦስቱ ሲገናኙ የሚከተለው ይታወቃል። ክለቡ በተስፋ ያስፈርማል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። በጀቱ ሲጸድቅ ከታሰበው ያንሳል፤ ያነሰውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተከፋፈለ ነው የሚለቀቀው። ጥቅምትና ኅዳር ደህና ያልፋሉ። ጥርና የካቲት ላይ ደመወዝ መዘግየት ይጀምራል። መጋቢት ላይ ተጫዋቹ ልምምድ ያቆማል፣ ሚያዝያ ላይ ውጤት ይጠፋል፣ ግንቦት ላይ አሠልጣኙ ይባረራል። ደጋፊው የተበላሸውን ግንቦት ላይ ሲፈልግ ነገሩ የተበላሸው ሐምሌ ላይ ነበር። ይህ የአንድ ክለብ ታሪክ አይደለም፤ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ክለቦች ሁሉ በየዓመቱ የሚያልፉበት የአየር ጠባይ ነው።

ሌላም አለ። ያሳለፉት ልጆች ምን ይሁኑ? በከፍተኛ ሊግ አንድ ዓመት ሙሉ ጭቃ የጠጡት ልጆች ለፕሪሚየር ሊግ «ልምድ ያንሳቸዋል» ይባላል። ግማሾቹ ይሸኛሉ፤ በቦታቸው ከሌላ ከተማ ልምድ ያለው ይመጣል። ውሳኔው በኳስ ዓይን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 16 ክለብ በነበረበት ሊግ 30 ጨዋታ ነበር፣ 15ቱ ከሜዳ ውጭ፣ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ሀዋሳ ገና ሌላ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ጉልበትና ብስለት ይፈልጋል። ነገር ግን ከቀበሌ የተነሣው መሰላል የሚቆረጠው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የሰፈር ልጅ ወደ ላይ የሚወጣው በመሰላል ሳይሆን በደላላ ነው።

ስሙንም እዩት። በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ዛሬ «ባሕር ዳር ከተማ» ነው የሚባለው። ሀዋሳም ከተማ፣ አዳማም ከተማ፣ ድሬዳዋም ከተማ ሆነዋል፤ ፋሲል ብቻ ከነማነቱን ይዞ ቆይቷል። ከነማ፣ ከተማ። የመጀመሪያዋ ፊደል አልተነካችም፣ የመጨረሻዋም አልተነካችም። መካከል ላይ ያለችው «ነ» ወድቃ «ተ» ገባች። ነዋሪዎቹ የነበሩባት ፊደል መሆኗ ነው የገረመኝ! ማንም ተንኮል አስቦ አላደረገውም። ቀበሌ የቀድሞው ቀበሌ መሆኑ ቀረ፣ የነዋሪዎች ማኅበር የሚባለው አካል በከተማ አስተዳደር ተተካ፣ ምኅጻረ ቃሉ ትርጉም አጣ። ስሙ እውነቱን ተከተለ እንጂ እውነቱ ስሙን አልተከተለም።

እንግዲህ አንዳንዴ በጣቴ እቆጥራለሁ። በ2011 ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ ለተጫዋች ደመወዝ በወር የ50 ሺህ ብር ጣሪያ አስቀምጠው ነበር። በጣሪያው የሚከፈለው አንድ ተጫዋች በዓመት 600 ሺህ ብር ነው። 10 ሺህ ነዋሪ በወር 50 ብር ቢያዋጣ በወር 500 ሺህ፣ በዓመት 6 ሚሊዮን ይሆናል፤ በጣሪያው አሥር ተጫዋች ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በወረቀት ላይ እንዲህ ያምራል። በተግባር የሚያበላሸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው የሚያዋጣው ቡድኑ ሲያሸንፍ ነው፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ደግሞ ሲሸነፍ ነው። ስለዚህ መዋጮው በየወሩ ሳይሆን ውድድሩ ሳይጀመር፣ ተስፋው ትኩስ ሳለ፣ ለዓመቱ አንድ ጊዜ መሰብሰብ አለበት። ሁለተኛ፣ ደረሰኝ የሌለው መዋጮ ለሁለተኛ ዓመት አይደርስም። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የሚያዋጣ ሰው ድምፅ ይፈልጋል። «አሠልጣኙን ማን መረጠው?» ብሎ ይጠይቃል። መዋጮውን ፈልጎ ጥያቄውን የማይፈልግ ክለብ የሚሰበስበው ገንዘብ ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

የዐባይን ልጅ

ሜዳ የቡድን ቤት ነው ይባላል። ባሕር ዳር በዚህ የታደለች ትመስላለች፤ ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም አላት። ሰኔ 7 ቀን 2007 ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚያ ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ኮትዲቯርን በዚያው ውጤት ሲረታ የነበረው ድምፅ ሐይቁን ያሻገረ ይመስል ነበር። መስከረም 29 ቀን 2014 ደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 አሸንፋ ሄደች። ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ «በቃ» አለ። ኅዳር 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው።

ካፍ የሚመለከተው የሕዝቡን ብዛት አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር አለ ወይ? የሁለቱ ቡድኖችና የዳኞቹ መልበሻ ክፍል ሻወርና መጸዳጃው ይሠራል ወይ? የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ ለምሽት ጨዋታ የሚበቃ መብራት፣ ውሃ የማይቋጥር ሜዳ አለ ወይ? ትልቁን ነገር፣ ኮንክሪቱን፣ ሠርተን ትንንሹን ስናሳድር ጊዜው አለፈ። ያን የሰፈር ሜዳ ቦይ ታስታውሳላችሁ? ያው ነገር ነው፤ የማይታየው ነው ሁልጊዜ የሚቀረው።

ከዚያ በፊት ደግሞ የሊጉ ቅርጽ ተቀይሮ ነበር። በ2013 ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ ውድድሩ ከተማ ለከተማ እየዞረ፣ ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስበው መጫወት ያዙ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። ለካሜራው የተመቸ ነው፤ ለአውቶቡሱም እንዲሁ። የከተማ ቡድን ግን ከተማውን ለወራት ያጣል። የመግቢያ ትኬት የለም፤ ልጅ አባቱን ይዞ ሜዳ የሚገባበት እሑድ የለም። ደጋፊው ቡድኑን የሚያየው እንደ ማንቸስተር በቴሌቪዥን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስክሪን ካያቸው ደግሞ ማንን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም።

በዚህ ሁሉ መካከል ቡድኑ ማደጉን አላቆመም፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በ2015 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ፕሪሚየር ሊግ በገባ በአምስተኛ ዓመቱ አፍሪካ በር ላይ ቆመ። የኮንፌዴሬሽን ካፕ የመጀመሪያ ጨዋታው በነሐሴ 2015 ከታንዛኒያው አዛም ጋር ነበር። የሜዳው ጨዋታ ነው። የተጫወተው ግን አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነው። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ ታንዛኒያ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አለፈ። በቀጣዩ ዙር «ክለብ አፍሪካን» የተባለውን የቱኒዚያ ቡድን 2 ለ 0 ረትቶ፣ በመልሱ 3 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አህጉር ለረገጠ ቡድን የሚያሳፍር አይደለም። እኔን የሚከነክነኝ ውጤቱ ሳይሆን ያ የነሐሴ ቀን ነው፤ ባሕር ዳር የመጀመሪያውን የአፍሪካ ጨዋታዋን በቤቷ ስትቆጥር ቤቷ ውስጥ ማንም አልነበረም። ያ ልጅ በዚያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረም ይሆናል። ቆጥሮ ቢሆንና ያኔ ቢጠይቅ ኖሮ፣ አባቱ ምን ብሎ ይመልስለት እንደነበር አላውቅም። «ከነማን ጋር ነው የሚጫወቱት?» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ ከአዛም ጋር። እሱ የጠየቀው ግን ያንን አልነበረም።

ነሐሴ ደግሞ ሰርዶ የሚይዝበት ወር ነው። ማንም ሳይረግጠው፣ ዝናቡን እየጠጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የተላጠውን ሜዳ ከዳር ወደ መካከል እየሸፈነ ይመጣል።